የሺ «ጥይት ነው» ያለችው ሕመም

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ነበር፤ እኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ። ሚስቴ የሺ በዐሥር ዓመት ታንሰኛለች። ቤታችን አምባሰል ነው፣ ከውጫሌ ሽቅብ ሲወጡ።

መጀመሪያ ያየሁት መቀመጥ መተዋን ነው። ቆማ ትበላለች። ቆማ ምስር ትለቅማለች። እንግዳ መጥቶ «አረፍ በይ እንጂ» ብሎ ሲያስቸግራት የመደቡን ጫፍ በአንድ ጎኗ ትነካና ወዲያው «ጥጆቹን ልያቸው» ብላ ትነሳለች። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትለኛለች። ይህቺን ቃል አሁን ሰው ሲላት ስሰማ ተነስቼ እወጣለሁ። እግዚአብሔርን ማመስገን ጠልቼ አይደለም። የሚገማ ድስት ላይ እንደ ክዳን ሲደፏት ስላየሁ ነው።

ቀጥሎ የጾሙ ነገር መጣ። ሁዳዴ ሲፈታ ባለትዳር ሁሉ ወደ መኝታው ይመለሳል። የሺ ግን አልተመለሰችም። ስዕለት አለብኝ አለች። ስዕለቱ ሲያልቅ የሐዋርያት ጾም ገባ፣ ከዚያ ፍልሰታ፣ ከዚያ ቄሶቹ እንኳ ሁሉም የማይጾሙትን ጽጌን ጨመረች። መሐል ላይ ክፍት ቦታ ሲገኝ ረቡዕና ዓርብ አለ። መኝታዋን ወደ ጓዳ ወሰደች። ጎረቤት «የሺ መነኮሰች» እያለ ያደንቃት ጀመር። እሷ ስትመነኩስ እኔም ሳልጠየቅ መነኮስኩ።

ደረቷ ውስጥ ጤና አዳምና አሪቲ ትወሽቃለች። ስታልፍ ደስ ይላል። ከሥሩ ግን ሌላ ሽታ አለ። እኔ ከቆዳው ነው፣ ከበረቱ ነው እያልኩ አንዴ ቆዳ አወጣሁ፣ አንዴ በረት ጠረግሁ። ሽታው አልሄደም።

አሁን የጽዋውን ነገር ልናገር፤ ከሁሉ ያንገፈገፈኝ እሱ ነው።

ሴቶቹ በየወሩ በሃያ አንድ የማርያም ማኅበር አላቸው። ደጋሿ ሴት ስትጨርስ ጽዋውን በነጠላ ሸፍና ለቀጣይዋ ታስረክባለች። ደም ያለባት ሴት ጽዋ አታነሳም፣ ቤተ ክርስቲያንም አትገባም፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ትሳለማለች። ይህ ለቀናት የሚሆን ነገር ነው። የሺ ደግሞ የወር አበባ ከተዋት ቆይቷል። እና ተራዋ ሲደርስ «ይለፈኝ» አለች። በሌላም ወር «ይለፈኝ» አለች። ሴቶቹ ተያዩ። በእኛ አገር ጽዋ የማይቀበል ጤነኛ ሰው ቂም የያዘ ነው። ቂም ይዞ ከጽዋ መቅመስ ኃጢአት ነዋ። «የሺ ከአንዳችን ተቀይማለች» ብለው ደመደሙ። «አሟት ይሆን?» ያለች አንዲት ሴት አልነበረችም።

የንስሐ አባታችን ቄስ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ቤቴ መጡ።

«የሺ ልጄ፣ ከማን ተጣላሽ?»

«ከማንም፣ አባቴ። ደህና ነኝ።»

«ከማንም ካልተጣላሽ ጽዋውን ለምን ገፋሽ? ወይ ተቀበይ፣ ወይ የተቀየምሽውን ንገሪንና እናስታርቅሽ።»

የነጠላዋን ጫፍ ጥርሷ ውስጥ ከታ ቆመች። ከዚያ «ከአስካለ» አለች።

አስካለ የአጥር ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ ሞቶ ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች። የእኔ ልጆች የእሷን ጡት ጠብተዋል። ተጣልተው አያውቁም። «መቼ ነው የተጣላችሁት?» ብዬ ልጠይቅ ስል የሺ አየችኝ። ተውኩት።

ቄሱና ሽማግሌዎቹ ለዕርቁ ከቅዳሴ በኋላ ከቅጥሩ ውጭ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። አስካለ መጣች። «ምን አደረግኳት?» ብላ ጠየቀች። «እሱንማ አንቺ ታውቂያለሽ» አሏት። ወጉ እንደሚለው ድንጋይ ማጅራቷ ላይ አድርጋ ጎነበሰች። ያላደረገችውን በደል ተሸክማ ስታስበው፣ ስታስበው ቆየችና፦

«የሺ፣ ያን ሰምተሽ ከሆነ ይቅር በይኝ። ትሸታለች ያልኩት እውነት ነው። ለእህቴ ብቻ ነው ያልኩት። አፌ ነው፣ በክፋት አይደለም።»

አንዱን ሽማግሌ ሳል ያዘው። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። እንደ ፊታቸው ከሆነ ሁሉም ያውቁት ነበር። የሺ ሄዳ ድንጋዩን አነሳችላትና «ይቅር ብዬሻለሁ» ብላ አቀፈቻት። ሽማግሌዎቹ መረቁ። «ሰይጣን አፈረ» አሉ። ሰይጣን ምን ያፍራል፤ እዚያው ዋርካው ሥር ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሺ ከማኅበሩም ቀረች።

በዓመቱ ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ወደ እኛ መጣ። ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ገበያው ተበተነ። የመድፉ ድምፅ ከጠዋት ጀምሮ ተራራው ላይ ያጓራል። ሰው ከብቱን እየነዳ ወደ ቆላው ወረደ። እኛም ከጎረቤታችን ከሰዓዳ ጋር ተነሳን። ሰዓዳ ከጅዳ የተመለሰች ሴት ናት፤ ባሏ እዚያው ቀርቷል። ሕፃን ልጇን አዝላ «አጎቴ ቤት እንግባ፣ ሰፊ ነው» ብላ ወሰደችን።

ቁልቁለቱን ስንጀምር የሺ ወደ ኋላ ቀረች። ዞር ስል አንድ ድንጋይ ተደግፋ ቆማለች።

«እናንተ ሂዱ» አለች። «ደህና ነኝ። እደርሳችኋለሁ።»

ከላይ ተኩስ ተሰማ። ተመልሼ ያዝኳት። ቀሚሷ ከኋላ ደም ነው። እግሯ ላይ ወርዷል። ጫማዋ ውስጥ ገብቷል።

«ተመታሽ?»

አየችኝ።

«አዎ» አለች። «ጥይት ነው።»

«የቱ ጋ?»

«እዚህ» ብላ ጭኗን ያዘች።

መቀነቴን ፈታሁ፣ ልሰርላት። እጄን ገፋችው። እንደገና ሞከርኩ። እንደገና ገፋችው። ሰዓዳ ልጇን አወረደችና ሰጠችኝ። «አያ ይመር፣ ዞር በሉ» አለችኝ። የሺን ከድንጋዩ ኋላ ወሰደቻት። እኔ የሰው ሕፃን ታቅፌ ቆምኩ። የሺ ስትለምን ይሰማኛል።

«ሰዓዳ፣ ጥይት ነው በይው። በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ጥይት ነው በይው።»

ሰዓዳ ብቻዋን መጣች።

«ጥይት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ማህፀናቸው ነው። ወጥቷል። ወላሂ አያ ይመር፣ ከወጣ ዓመት አልፎታል። ልብስ እየፈተገው ቆስሏል።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ጅዳ የማስታምማቸው አሮጊት እንዲህ ነበሩ። እኔ ነበርኩ የማጥባቸው።»

ሚስቴ ጥይት ቢመታት መረጠች። ይህን ለማመን ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ሞት ከመናገር ቀለላት።

አህያ ላይ በጎኗ አጋድመን ወሰድናት። የሰዓዳ አጎት በረቱ አጠገብ ያለውን ክፍል ለቀቁልን። «የታመመ ሰው የሁሉም እንግዳ ነው» አሉ እንጂ ሌላ አልጠየቁም። እዚያ እያለን ትኩሳት ያዛት። ጤና ጣቢያ የለም። መድኃኒት ቤቱን ዘግቶ ከተሰደደ አንድ ሰው ሰዓዳ አንቲባዮቲክ ለምና አመጣች። ውኃ አፍልቶ፣ ጨው ጨምሮ፣ ለብ ሲል ማጠብ ያስፈልጋል አለች። ማን ያጥባል? ሰዓዳ ሕፃን አለባት። እኔ አጠብኩ።

ለዚህ ሕመም ተረኛ ለሆነ ሰው እውነቱን ልንገረው። የሴት ብልት ውስጥ መኖር የነበረበት ሥጋ ውጭ ተንጠልጥሏል። መጠኑ እንደ ትልቅ ሎሚ፣ ቀይ ነው፣ አንድ ጎኑ መግል ይዟል። ሽንቷን መያዝ አትችልም። ሽታው የሞተ በግ ነው። ወጥቼ አስመለሰኝ። አፌን ተጉመጥምጬ ተመለስኩ። አጠብኩ። ደግሞ ወጣሁ። ሲውል ሲያድር ሆዴ ለመደው።

የቀፈፈኝ ግን ቁስሉ አይደለም። ቁስል ምን ያድርግ፣ ቁስል ነው። የቀፈፈኝ ባጠብኳት ቁጥር «ይቅር በለኝ» ማለቷ ነው። ለዚያ ከምድር ከሰማይ ለተደበቀ ሥጋ ይቅርታ ትለምናለች። ሽንትና ደም የሚመጥላትን ጨርቅ ከልብስ ሥር ሰውራ ስታደርቅ፣ ጾም ባልሆነ ቀን ስትጾም፣ የጎረቤቷን አንገት ድንጋይ ስታሸክም የኖረችው ይህን ለመሸፈን ነው። የመጨረሻ ልጃችንን ወልዳ ሳትጠነክር እንስራ ያነሳች ጊዜ «አንድ ነገር ዝቅ አለኝ» ትላለች። ያን ጊዜ ትንሽ ነበር፤ ስትተኛ ይመለስ ነበር። ከዚያ ወዲያ እየወረደ፣ እየወረደ መጣ።

አንድ ቀን እያጠብኳት ጠየቅኳት።

«ከአስካለ ጋር የተጣላሽው ምን ብለሽ ነው?»

«አልተጣላንም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ለምን አስካለን አልሽ?»

«ሆደ ሰፊ ናት። ይቅር ትለኛለች ብዬ።»

«ለቄሱ ለምን አልነገርሽም? ንስሐ ስትገቢ የዶሮ ስርቆት ሳይቀር ትናገሪ የለ?»

«ቄስ ፊት? አንተ ደግሞ።»

«ለእግዚአብሔርስ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ለእግዚአብሔርም አልነገርሽም?»

«እንዴት አድርጌ? ለዝናብ እለምነዋለሁ፣ ለልጆች እለምነዋለሁ። ይህን እንዴት አፌ ላይ አደርገዋለሁ?»

«የፈጠረው እሱ አይደለም?»

«ቢፈጥረውስ፣ ያፍር የለ» አለችኝ።

ሳቅሁ። በዚያ ሁሉ መድፍ መሐል ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፣ ሳቁ አሳመማትና ተወች። እኔ ግን ቆይቶ ነገሩ መረረኝ። ዕድሜዋን ሙሉ የጸለየችው ለሚያፍርባት አምላክ ነው። ውዳሴ ማርያሙን ትደግማለች፣ ስግደቷን ትሰግዳለች፣ ከወገቧ በታች ያለችው ሴትዮ ግን ከጸሎቱ ውጭ ቆማለች፣ እንደዚያው ከቅጥሩ ውጭ እንደምትቆመው።

በማግስቱ ቀትር ላይ ውጭ እንጨት እፈልጣለሁ። መጥረቢያውን ሳሳርፍ ድምፅዋን ሰማሁ። ከሰው ጋር የምታወራ መስሎኝ ነበር።

«ጌታዬ፣ ማህፀኔ ወጥቷል። ቆስሏል። ይገማል። አስካለ ትሸታለች ያለችው እውነቷን ነው። ሰው ፊት ዋሽቻለሁ። አንተም ፊት ደህና ነኝ ብያለሁ። ደህና አይደለሁም። ፈርቻለሁ።»



«ይኸው ነው» አለች።

አሜን እንኳ አላለችም። መጥረቢያውን አላነሳሁም። ትኩሳቱ በዚያ ቀን ለቀቃት ብል ታሪኩ ያምር ነበር፤ አለቀቃትም። እንዲያውም ያን ሰሞን ባሰባት። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳጥባት ይቅርታ መለመን ተወች። «እዚህ ጋ ያማል፣ ቀስ በል» ማለት ጀመረች። ይህ ለአስታማሚ ትልቅ ነገር ነው። የት እንደሚያም የማይናገር በሽተኛ ማጠብ ዓይን ጨፍኖ እሾህ እንደመንቀል ነው።

ጦርነቱ ከእኛ አካባቢ ሲያልፍ ተመለስን። የቤታችን በር ተሰብሯል፣ ጤና ጣቢያው አልጋ እንኳ አልቀረለትም። ደሴ ላይ ሕክምና መጀመሩን ስንሰማ ወሰድናት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ካርዱን ከፍታ ብዕሯን ይዛ፦

«እናቴ፣ ምን ሆነው መጡ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች የሺ። ልማድ ነው። ጥርሴን ነከስኩ።

ሐኪሟ ካርዱን ዘጋችው። «ደህና ከሆኑ እኔ ምን ልሥራ?» አለች። አልተቆጣችም። እጇን ካርዱ ላይ አድርጋ ጠበቀች። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት «እርስዎን አልጠየቅኩም» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው።

የሺ ወደ መስኮቱ እያየች ተናገረች። መጀመሪያ በሹክሹክታ። ሐኪሟ «አልሰማሁም» አለቻት። ሁለተኛ ጮክ አለች። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ እንስራውን፣ ሽንቱን፣ ደሙን፣ ጨርቁን።

«ዩትራይን ፕሮላፕስ ይባላል» አለች ሐኪሟ ከመረመረቻት በኋላ። «የማህፀን መውረድ ነው። የእርስዎ አራተኛ ደረጃ ደርሷል፣ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ይታከማል። ግን ቁስሉ ሳይድን ኦፕራሲዮን አላደርግም።» ቁስሉ ካንሰር እንዳይሆን ቁራጭ ሥጋ ወሰዱ፤ ባዮፕሲ ይሉታል። ውጤቱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ከመድፉ ይከፋል። ካንሰር አልነበረም። ቁስሉን እየጠረጉ፣ ኢስትሮጅን የሚባል ቅባት እየቀቡ ሰነበቱ። ከዚያ ወገቧን ወግተው አደነዘዟትና ኦፕራሲዮን አደረጓት። ማህፀኑን በታች በኩል አወጡት፤ ሂስተሬክቶሚ ነው ስሙ። የላላውን ግድግዳ ሰፉት። ስትወጣ ፊቷ ነጭ ነው። ካቴተር የሚሉት የሽንት ቱቦ ተንጠልጥሎላታል። እጇን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነው። «አመመሽ?» አልኳት።

«በጣም» አለች።

እግዚአብሔርን ያን ጊዜ አመሰገንኩ። «በጣም» ስላለች።

ሐኪሟ ስታስወጣን ዳገት እንዳትወጣ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ ሆድ ድርቀት እንዳይዛት አጥብቃ ነገረችን፤ ስለዚህ አምባሰል ሳንመለስ ሐይቅ ከተማ ልጃችን ቤት አረፍን፣ ቤቱ ለሐይቁ ቅርብ ነውና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበርድ እጄን ይዛ ቀስ እያለች እስከ ውኃው ዳር ትወርድ ጀመር፣ ዓሣ የሚያወጡት ልጆች የሚሸጡላትን ቆሮሶ የሚባል ዓሣ መጀመሪያ «እሾኹ ያስፈራኛል» ብላ ገፍታው ኋላ ግን ከእኔ ድርሻ ሳይቀር እየወሰደች በላች። ማዶ እስጢፋኖስ ገዳም ይታያል። ሴት አይገባበትም። እሷ ግን ከወዲህ ሆና በግልጽ ድምፅ ታወራለች፣ ሽንቷን ዛሬ እንደያዘች፣ ስፌቱ እንደሚያሳክካት፣ ጎረቤት ልጠይቅሽ ሲላት እንደምትፈራ፣ ሁሉንም ትናገራለች፤ የሚያልፍ መንገደኛ አብዳለች ብሎ ዞር ብሎ ያያታል፣ እኔ ደግሞ አፍጥጬ መንገዱን አስቀጥለዋለሁ። መደቡ ላይ በሁለት ጎኗ ተቀምጣ የተመገበች ዕለት ልጃችን አለቀሰች። የሺ «ምን ያስለቅስሻል፣ መቀመጥ ነው» አለቻት።

ግንቦት ላይ ወደ ቤታችን ገባን። ውኃ የምቀዳው እኔ ሆንኩ። ምንጩ ላይ አንድ የሰፈራችን ሰው ጀሪካን ተሸክሜ ሲያየኝ፦

«አያ ይመር፣ ሻሽ ብቻ ነው የቀረዎት።»

«ከሚስትህ ተበደርልኝ» አልኩት። «አንተ በምታሸክማት ጭንቅላቷ ተመልጦ ከሆነ አያስፈልጋትም።»

ሌሎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። እንዲህ ያለ ሰው ያስጠላኛል። ሚስቱ አራስ ቤት ሳለች እንጨት ስትሸከም አይቻታለሁ።

በወሩ ሃያ አንድ የሺ ማኅበር ልሂድ አለች። ዳቦውን መሸከም አትችልምና እኔ ተሸክሜ አብሬያት ገባሁ። ቄሱም አሉ። ሴቶቹ ተነሱ፣ ሳሟት። «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ። ምን ነበር ያመመሽ?» አሏት። «ሆዴን ነው» ብትል የሚቆጣት አልነበረም። ሁሉም የሚጠብቀው ያችኑ ነው። ነጠላዋን ስትነክስ አየሁ።

ነጠላዋን ከአፏ አወጣች።

«ማህፀኔ ወጥቶ ነበር። ዓመታት ደብቄዋለሁ። ጽዋውን የገፋሁት ደም ስላለብኝ ነው እንጂ ቂም ኖሮኝ አይደለም። አስካለ አልበደለችኝም። ዋሽቼ ነው ድንጋይ ያሸከምኳት።»

አንዲት ሴት «ጽዋ ባለበት እንዲህ ያለ ነገር ይወራል?» ብላ ፊቷን ሸፈነች። ያቅለሸለሸኝ እዚህ ላይ ነው። ሽታውን ለዓመታት ሲያወሩ ጽዋው እዚያው ነበር።

ቄሱ ግን ቀደሙኝ። «ይወራል» አሏት። «ያቺ ደም የሚፈሳት ሴትዮ ከኋላ ነክታ፣ ድና፣ ሹልክ ልትል ነበር። ጌታ ማን ነካኝ ብሎ አስቆማት። እሷም በሰው ሁሉ ፊት ተናገረች። እኔ ይህን ስንት ጊዜ ሰብኬ፣ ልጄ ስትታመም ግን ከማን ተጣላሽ አልኩ።» አንገታቸውን ደፉ።

አስካለ ነበረች የቀረችው።

«ድንጋይ አሸክመሽ አስለመንሽኝ?»

«አዎ።»

«ከዚያ ወዲያ አንገቴን ስንት ጊዜ እንዳሸሁት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ይቅር በይኝ።»

«ለዛሬ ይቆይ፣ ተናድጃለሁ» አለች አስካለ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «እኔም ስስል የሆነ ነገር ዝቅ ይለኛል። ስተኛ ይመለሳል። እሱ ነው?»

«እሱ ነው» አለች የሺ።

ከበሩ አጠገብ ያለችው ሴት «እኔም» አለች። ፊቷን የሸፈነችው ሴት ሽፋኑን ሳታወርድ «እኔ ጋ ከወጣ ሁለት ክረምት አለፈው» አለች። ያን ያህል ዘመን አንድ ጽዋ ሲቀባበሉ የኖሩ ሴቶች ናቸው። እኔ ወጥቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ፤ የቀረውን መስማት የእኔ አይደለም። ሲጨርሱ የሺ ወጣችና «ነገ ሦስቱን ደሴ ትወስዳቸዋለህ፣ አንተ በሩን ታውቀዋለህ» አለችኝ። ትእዛዝ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የእጅ ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ነው። የሺ ግን «ጻፈው፣ ስሜንም እንዳትደብቅ» አለችኝ። ይህ ያለባት ሴት ከሰማችኝ እንዲህ እላታለሁ። መጀመሪያ ለአንድ ሰው ንገሪ። ወደ እግዚአብሔር ስትቀርቢም ከነሽታሽ ቅረቢ፤ እሱ ጤና አዳም አይፈልግም። ትንሽ ዝቅ ሲል ሂጂ፣ ያን ጊዜ ያለ ኦፕራሲዮን ውስጥ በሚገባ ፔሳሪ በሚባል ቀለበት ይያዛል ትላለች ሐኪሟ። አራስ ሆነሽ እንስራ አታንሺ። ባል ደግሞ ሚስቱ «ደህና ነኝ» ስትለው ቃሉን ትቶ አቀማመጧን ይይ። ሲያጥባት ካስመለሰው ወጥቶ ያስመልስ፣ ግን ይመለስ። ሽማግሌም ሳያስታርቅ በፊት «አሞሽ ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

ሰዓዳን አመሰግናለሁ፤ አልዋሽም ብላ እንደ ልጅ አዳነቻት። አጎቷን አመሰግናለሁ። ያቺን ካርዱን የዘጋችውን ሐኪም አመሰግናለሁ። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፣ ያችን የ«ደህና ነኝ» ቃል ሳልጠቀም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱን ሴቶች ይዤ ውጫሌ ወረድኩ። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። የደሴው መኪና ረዳት «እናቶች፣ ለለቅሶ ነው ለሠርግ?» አለ። መኪናው ሞላ፣ ተነሳ፣ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ሲዘል ከኋላዬ ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። ተነሳሁና የሹፌሩን ትከሻ ነካሁት።

«ቀስ ብለህ ንዳ፣ ልጄ» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እነዚህ ሴቶች ማህፀናቸው ታሟል። መቀመጥ ያማቸዋል።»

መኪናው ሙሉ ሰው ዞሮ አየን። ከሹፌሩ በስተቀር። ልቀመጥ ስል አስካለ ልብሴን ያዘችኝ።

«እኔን መቆምም ያመኛል» አለች፣ ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ። «እሱንም ንገረው።»

ነገርኩት።